ይድረስ ለአባቴ፦ ሐኪም ጉባኤ ስለምን ይሄዳል?

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው ወደ ጉባኤው እንደምሄድ በስልክ ስነግርዎ «ሐኪም ሕመምተኛውን ትቶ የሴቶች መብት፣ ዘላቂ ልማት እያለ ባሕር ማዶ ምን ያዞረዋል?» ብለው የጠየቁኝን በጥድፊያ ልመልሰው አልፈለግሁም። ዛሬ ተረኛ ስላልሆንሁ ከጎንደር ይህን እጽፍልዎታለሁ።

ሰሞኑን ከቆላ አንዲት ልጅ ምጥ ጠንቶባት መጣች። አምቡላንስ እስከሚደርስበት መንገድ ድረስ በቃሬዛ የተሸከሟት የቀበሌዋ ሰዎች ናቸው። ዕድሜዋን ስጠይቃት አማቷ ቀደም ብለው «አሥራ ዘጠኝ» አሉ፤ እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ለቀዶ ሕክምናው የስምምነት ቅጹን ይዤ ስቀርብ ደግሞ እጁን የዘረጋው ባሏ ነበር። ወረቀቱን ለእሷ አቀረብሁላት፤ መጻፍ ስለማትችል በአውራ ጣቷ ፈረመች። እሷ ተርፋለች፤ ሕፃኑ አልተረፈም። እርስዎ በጤና ጣቢያ የሥራ ዘመንዎ እንደሚያውቁት፣ ምጥ ሲራዘም የሕፃኑ ጭንቅላት ፊኛን ከዳሌ አጥንት ጋር አጣብቆ ስለሚይዝ ደም ያጣው ሥጋ ይሞትና ይቀደዳል፤ የእናቲቱም ሽንት ያለ ፋታ ይፈስሳል። ይህ ፊስቱላ የሚባለው ቀዳዳ እንዳይፈጠርባት ካቴተር (ሽንት የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ) አድርገንላት ቀን እየቆጠርን ነው።

አባዬ፣ እኔ የደረስሁላት በመጨረሻው ሰዓት ነው። ከትምህርት ቤት የቀረችበት፣ የተዳረችበት፣ ምጡ ሲጀምራት ቤት ትቆይ የተባለበት፣ መንገዱም አምቡላንሱን ያላደረሰበት ቀን ሁሉ እኔ ቢላ ከማንሣቴ በፊት አልፏል። እነዚህን በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ላክማቸው አልችልም። የሚታከሙት በጀት በሚደለደልበትና ውል በሚፈረምበት ቦታ ነው፤ ስለዚህ እዚያም መገኘት አለብኝ።

«የፈረንጅ ሐሳብ ነው» ያሉትን ግን አልቀበልም፤ በአክብሮት ነው የምለው። የሴቶችን መብት የራሳችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ደንግጎታል፤ የክልላችን የቤተሰብ ሕግም የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጎታል። አገራችን በሴቶች ላይ የሚደረግን አድልዎ ለማስወገድ የወጣውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ለንደን ላይም ያለዕድሜ ጋብቻን እስከ 2025 ለማስቀረት ቃል ገብታለች። ቀነ ገደቡ ደረሰ፤ ጋብቻው ግን አልቀረም። ቃል የተገባበት ጉባኤ ላይ ተገኝቶ «ምነው?» የሚል ሰው ካልኖረ ቃሉ ወረቀት ላይ ይቀራል፤ ጠያቂው ደግሞ የልጅቷን አልጋ ያየ ቢሆን ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

የተሠራውን አልክድም። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100,000 በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ወደ 412 ወርዷል። በየቀበሌው የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለዚህ ትልቅ ድርሻ እንዳላቸው አልጠራጠርም። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2015 መንግሥታት የተስማሙባቸው 17 የዘላቂ ልማት ግቦች፣ እንደ ዓለም አማካይ ቁጥሩ በ2030 ከ70 በታች እንዲሆን ይጠይቃሉ። የሚያሳስበኝ ግቦቹን ተበታትነን መያዛችን ነው፤ የእናቶች ሞት ለጤና፣ ጋብቻው ለሴቶች ጉዳይ፣ ውኃው ለውኃ፣ መንገዱ ለመንገድ መሥሪያ ቤት ይሰጥና እያንዳንዱ የራሱን ሪፖርት ይጽፋል። ልጅቷ ግን አንድ ሰው ናት። ስለዚህ በጉባኤው የምጠይቀው፣ ሴት ልጅን ትምህርት ቤት ማቆየትና የገጠር መንገድ መሥራት የእናቶች ጤና ወጪ ሆነው እንዲቆጠሩ ነው።

ይህን ደግሞ ከእርስዎ ነው የተማርሁት። የጎንደሩ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ጤና መኮንኑን፣ ኮሚኒቲ ነርሷንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያውን (ሳኒታሪያኑን) አብሮ አሠልጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይልክ የነበረው፣ በሽታው ከምንጩና ከመጸዳጃው እንደሚጀምር ስላወቀ አይደለምን? እርስዎም መርፌ ከመውጋትዎ በፊት ምንጭ ያስከልሉ ነበር።

አሁን አንድ ነገር ልለምንዎ። ጤና ጣቢያ ሳሉ ልጃቸውን ሊድሩ የተነሡ አባቶችን አስቀምጠው እያነጋገሩ ሠርጉን ያስተላልፉ እንደነበር እናቴ ነግራኛለች። ምን ብለው እንደሚጀምሩ፣ ማንን ሽማግሌ እንደሚያስቀድሙና እምቢ ያለውን እንዴት እንደሚመለሱበት በእጅዎ ጽፈው ይላኩልኝ። ንግግሬን ከማዘጋጀቴ በፊት ቢደርሰኝ ደስ ይለኛል።

አክባሪ ልጅዎ
ከጎንደር