የቅሬታ ደብዳቤ፦ ድረ ገጻችሁ ላይ 8.99፣ ስልኬ ላይ 12.99

ለልጆች የአማርኛ ማስተማሪያ አፕ አቅራቢ ድርጅት
የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ የከፈልኩት የዋጋ ልዩነት እንዲመለስልኝ፣ ሌሎች ደንበኞችም እንዲነገራቸው ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

አፓችሁን ልጆቼ ይወዱታል። እዚህ ፍራንክፈርት የተወለዱ ናቸው፤ እርስ በርሳቸው የሚጣሉትም የሚታረቁትም በጀርመንኛ ነው። ፊደል የቆጠሩት ግን በእናንተ አፕ ነው። አዲስ አበባ ያለችው እናቴ ስትደውል አሁን ስልኩን ለመያዝ ይሻማሉ። ድሮ እኔ ነበርኩ አስተርጓሚዋ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው አፑን ጠልቼ አይደለም።

የምጽፈው በዋጋው ነው። በአይፎኔ በኩል በየወሩ 12.99 ዩሮ ይቆረጥብኛል። ያው ትምህርት፣ ያው ተረት፣ ያው መዝሙር በድረ ገጻችሁ 8.99 ዩሮ ነው። አራት ዩሮ ለአንድ ወር ብዙ ላይመስል ይችላል። በዓመት ግን 48 ዩሮ ነው፤ ለዚያ ገንዘብ እኔ ሌላ ስም አለኝ፤ የክረምት ጫማ ይባላል።

ይህን የሰማሁት ከእናንተ አይደለም። ቅዳሜ በአማርኛ ትምህርት ቤት ልጆቻችንን ስንጠብቅ አንድ አባት ነው የነገረኝ። አላመንኩትም፤ ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። አብረውን የቆሙት ወላጆች አብዛኞቹ እንደኔ በስልክ የሚከፍሉ ነበሩ። የሁሉንም ፊት ብታዩት ጥሩ ነበር።

ወዲያው ጻፍኩላችሁ። መልሳችሁ ትሁት ነው፣ አልዋሽም። «ከአፕ ስቶር ጋር ባለን ውል ምክንያት ስለ ሌላ የክፍያ አማራጭ ለደንበኞቻችን መግለጽ አይፈቀድልንም» ይላል። አፕ ስቶር ማለት የአይፎን ሠሪው የአፕል የአፕ መደብር ነው። ይህ መልስ ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢጻፍልኝ ኖሮ አዝኜላችሁ ዝም እል ነበር። ዛሬ ግን፣ ያውም በአውሮፓ ለሚኖር ደንበኛ፣ ጊዜው ያለፈበት መልስ ነው።

ምክንያቱን ልንገራችሁ፤ ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል ገበያዎች ሕግ የሚባል ሕግ አለው። በኖቬምበር 2022 ጸና። በሴፕቴምበር 2023 የአውሮፓ ኮሚሽን ስድስት ኩባንያዎችን በር ጠባቂ ብሎ ሰየመ፤ ነጋዴዎች ደንበኛ ጋ ለመድረስ በእነሱ በኩል ማለፍ ያለባቸው ግዙፎች ማለት ነው፤ አልፋቤት (የጉግል ባለቤት)፣ አማዞን፣ አፕል፣ ባይትዳንስ (የቲክቶክ ባለቤት)፣ ሜታ (የፌስቡክ ባለቤት) እና ማይክሮሶፍት። የሆቴል ማስያዣው ቡኪንግ በሜይ 2024 ተጨመረ። የመጀመሪያዎቹ ስድስቱ ከማርች 7፣ 2024 ጀምሮ ግዴታቸውን እንዲወጡ ተነገራቸው። ከግዴታዎቹ አንዱ በቀጥታ የእናንተን ጉዳይ ይመለከታል። በር ጠባቂው ኩባንያ፣ በመደብሩ በኩል የሚሸጥ ነጋዴ በራሱ ድረ ገጽ ሌላ ዋጋ እንዳያስቀምጥ መከልከል አይችልም። ነጋዴው ያንን ዋጋ ለደንበኞቹ እንዳይናገር ማፈንም አይችልም። ሌላ ቦታ የተከፈለበትን አገልግሎት ደንበኛው አፑ ውስጥ ገብቶ እንዲጠቀምበትም መፍቀድ አለበት።

ይህ ወረቀት ላይ የቀረ ነገርም አይደለም። አፕል ሕጉን የተረጎመበት መንገድ አላረካም ተብሎ ምርመራ ተከፈተበት። በኤፕሪል 2025 ኮሚሽኑ 500 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው። ምክንያቱ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? እንደ እናንተ ያሉ አፕ ሠሪዎች «ውጭ በርካሽ አለ» ብለው ለደንበኞቻቸው በነጻነት እንዳይናገሩ በማድረጉ ነው። ግማሽ ቢሊዮን ዩሮ የተቀጣው እናንተ አፋችሁን መክፈት እንድትችሉ ነው ማለት ነው። እናንተ ደግሞ እስከ ዛሬ አፋችሁን አልከፈታችሁም።

ከዚያ በፊትም የሙዚቃ አፑ ስፖቲፋይ አለ። በ2019 አፕልን ለኮሚሽኑ ከሰሰ፤ አምስት ዓመት ጠበቀ። በማርች 2024 በሙዚቃ አፖች ጉዳይ አፕል ላይ ከ1.8 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ቅጣት ተወሰነ፤ ያ እንኳን በአሮጌው የውድድር ሕግ ነው። ይህን የማነሳው ታሪክ ለማውራት አይደለም። ሰው ተከራክሮ፣ ዓመታት ጠብቆ ያመጣውን መብት እናንተ ቁጭ ብላችሁ አግኝታችኋል። ቢያንስ ተጠቀሙበት።

ፍትሐዊ ልሁን። አፕል በቅጣቱ አልተስማማም፤ ይግባኝ ብሏል። በጁን 2025 ደንቡን ሲያሻሽልም በአፑ ውስጥ ወደ ውጭ የሚወስድ ሊንክ ለሚያስገቡ ድርጅቶች የተለያየ ዓይነት ክፍያ አስቀምጧል። ይህ ለመጀመሪያ ደንበኛ፣ ያ ለመደብሩ አገልግሎት፣ ሌላው ለቴክኖሎጂው እያለ ይቀጥላል። ዝርዝሩን ለማንበብ ሞክሬ ራሴን አመመኝ። የኔ ሥራ የሂሳብ መዝገብ ነው፤ ቁጥር አልፈራም። እንግዲህ ሦስት አራት ሰው ሆኖ ለሚሠራ ቡድን ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ይገባኛል። «ሊንኩን አፑ ውስጥ ብናስገባ ሌላ ጣጣ ውስጥ እንገባለን» ብትሉኝ እቀበላችኋለሁ።

ግን ኢሜይሌ በእጃችሁ ነው!

በእንቁጣጣሽ፣ በመስቀል፣ በገና፣ በፋሲካ ሳታጓድሉ እንኳን አደረሳችሁ ትሉኛላችሁ። ሥዕሉም ያምራል። ከታች በኩል ደግሞ አዲስ የተጨመሩ ተረቶችን ትዘረዝራላችሁ። እዚያው ላይ «በድረ ገጻችን ብትከፍሉ 8.99 ነው» የምትል አንዲት መስመር ምን ይከብዳታል? ይህ የአውሮፓን ሕግ እንኳን የሚጠብቅ ነገር አልነበረም። አፕል በአሜሪካ ከአፕ ሠሪዎች ጋር በ2021 ሲታረቅ፣ ደንበኛው ፈቅዶ በሰጠው ኢሜይል ስለ ሌላ የክፍያ መንገድ መጻፍ እንደሚቻል ተስማምቶ ደንቡን ለውጧል። ስለዚህ «አይፈቀድልንም» የሚለው መልሳችሁ ለኢሜይሉ ጨርሶ አይሠራም። ተፈቅዶላችኋል። አልፈለጋችሁም።

ለምን አልፈለጋችሁም የሚለውን ሳስብ ወደ ሂሳቡ ሄድኩ። ዋጋው የጨመረው መደብሩ 30 ከመቶ ስለሚወስድ ነው ትላላችሁ። 8.99 እጃችሁ እንዲገባ 30 ከመቶ የሚቆረጥበት ዋጋ 12.84 ገደማ ይሆናል፤ 12.99 የመጣው ከዚህ ነው። እስከዚህ ልክ ነው። ነገር ግን አፕል ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ በዓመት እስከ አንድ ሚሊዮን ዶላር ለሚያስገቡ ትናንሽ ድርጅቶች 15 ከመቶ የሚያስከፍልበት ፕሮግራም አለው። ማመልከት ብቻ ነው የሚጠበቀው። ትልልቆቹም ቢሆኑ ደንበኛው አንድ ዓመት ከቆየ በኋላ ከወርሃዊ ክፍያው የሚቆረጥባቸው 15 ከመቶ ነው። እኔ ደግሞ ከእናንተ ጋር ከዓመት በላይ ቆይቻለሁ። በ15 ከመቶ ያው 8.99 እጃችሁ እንዲገባ 10.58 በቂ ነው። ታዲያ ከ10.58 እስከ 12.99 ያለው የማን ነው?

ሁለት መልስ ብቻ ይታየኛል። ወይ ለትናንሽ ድርጅቶች የተዘጋጀውን ፕሮግራም አላመለከታችሁም፤ እንዲያ ከሆነ ገንዘቤን በቸልተኝነት ለአፕል እየሰጣችሁት ነው። ወይ ደግሞ 15 ከመቶ እየከፈላችሁ 30 እንደምትከፍሉ አድርጋችሁ ትነግሩኛላችሁ። የትኛው እንደሆነ በጽሑፍ ግለጹልኝ። በአንድሮይድ የሚከፍሉት ወላጆችም ያው 12.99 ነው የሚከፍሉት፤ ጉግልም ከ2022 ጀምሮ ከወርሃዊ ክፍያዎች የሚወስደውን ወደ 15 ከመቶ ዝቅ አድርጓል። ስለዚህ ጥያቄው የነሱም ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም። በፌስቡክ ገጻችሁ ላይ ግዙፎቹ ኩባንያዎች ትናንሾቹን እንዴት እንደሚያንቁ ረጅም ጽሑፍ ለጥፋችሁ ነበር። ላይክ አድርጌላችኋለሁ። ለጓደኞቼም አጋርቼዋለሁ። እውነትም ነው የጻፋችሁት። ግን ያን ጽሑፍ ያነበበው ደንበኛ ስለ ርካሹ ዋጋ አንድ ቃል አላገኘበትም። ስለ ግፉ ሰምተን፣ መውጫው ሲከፈት የተደበቀብን እኛ ነን።

አሁን ወደ ሁለተኛው ቅሬታዬ ልምጣ። ካወቅኩ በኋላ በስልክ የምከፍለውን አቋርጬ በድረ ገጹ ልመዝገብ አልኩ። ክፍያው ያለ ችግር አለፈ። ልጆቼ አፑን ሲከፍቱ ግን ባዶ ነው። የጨረሱት ደረጃ የለም፤ ያገኙት ኮከብ የለም፤ ትንሿ ልጄ በድምጿ የቀዳችው የጥንቸሏ ተረት የለም። የእናንተ ሠራተኛ እንዳስረዳችኝ በስልክ የተከፈተው አካውንትና በድረ ገጽ የተከፈተው አካውንት አይገናኙም፤ «ከመጀመሪያው ይጀምሩ» አለችኝ። በትህትና ነው ያለችው። የሰባት ዓመት ልጅን ግን «ሀ ብለሽ ጀምሪ» ማለት ምን እንደሆነ እናንተ ከኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ፤ የልጆች አስተማሪዎች ናችሁ።

የዲጂታል ገበያዎች ሕግ እናንተን አያስገድድም፤ አውቃለሁ። በር ጠባቂ ለመባል በአውሮፓ በዓመት 7.5 ቢሊዮን ዩሮ ገቢ ወይም 75 ቢሊዮን ዩሮ የገበያ ዋጋ፣ በዚያ ላይ በወር ቢያንስ 45 ሚሊዮን ተጠቃሚ ይጠየቃል። እዚያ ያድርሳችሁ፤ ያኔ ሌላ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ነገር ግን ከ2018 ጀምሮ የሚሠራው የአውሮፓ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ትልቅ ትንሽ አይልም። በእሱ መሠረት የራሴንና የልጆቼን መረጃ ኮምፒውተር በሚያነበው መልክ የመውሰድ፣ የሚቻል ከሆነም በቀጥታ ወደ ሌላ ቦታ እንዲዛወርልኝ የመጠየቅ መብት አለኝ። እዚህ ደግሞ መረጃው የሚሄደው ወደ ሌላ ድርጅት እንኳን አይደለም። ከአንድ ኪሳችሁ ወደ ሌላው ኪሳችሁ ነው። ደንበኛ በአንድ መደብር ታስሮ እንዳይቀር የወጣው ሕግ ለእናንተ ጠቅሟል፤ እኔን ደግሞ እናንተ በአሮጌው አካውንት አስራችሁ ልትይዙኝ አይገባም።

የምጠይቀው ይህ ነው። የድረ ገጹ የ8.99 ዋጋ ከተጀመረበት ወር ጀምሮ በስልክ የከፈልኩትን ልዩነት መልሱልኝ። ለገንዘቡ ሕግ ያስገድዳችኋል ብዬ አላስፈራራም። ጠይቄያችሁ የተሳሳተ መልስ የሰጣችሁኝ እናንተ ስለሆናችሁ፣ ቢያንስ ከጠየቅኩበት ቀን ወዲህ ያለው ያለ ክርክር የእኔ ነው። ጥሬ ገንዘብ ከከበዳችሁ በድረ ገጹ ካለው ክፍያዬ ላይ ብትቀንሱልኝም እስማማለሁ። የልጆቼን ደረጃና የድምጽ ቅጂ ወደ አዲሱ አካውንት አዛውሩ። አሮጌውን እስክታዛውሩ እንዳትሰርዙት፤ ያ ተረት ሌላ ቅጂ የለውም። በሚቀጥለው የበዓል ኢሜይላችሁ ደግሞ ሁለቱን ዋጋዎች ጎን ለጎን ጻፉ። ይህኛው ለኔ አይደለም፤ እኔማ አውቄያለሁ። ጀርመን ውስጥ፣ ስዊድን ውስጥ፣ ጣሊያን ውስጥ ሆና በየወሩ 12.99 የምትከፍል፣ ሰው ያልነገራት እናት አለች።

በአፑ ውስጥ ሊንክ የማስገባቱን ጉዳይ ከባለሙያ ጋር ተማክራችሁ ወስኑ። እሱ ላይ አልቸኩልም።

በሁለት ሳምንት ውስጥ በጽሑፍ እንድትመልሱልኝ እጠይቃለሁ። ካልሆነ ጉዳዩን እዚህ ሄሰን ወዳለው የሸማቾች ምክር ማዕከል፣ የመረጃውን ደግሞ ወደ ክፍለ ሀገሩ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን እወስደዋለሁ። እዚያ መድረስ አልፈልግም። የጀርመንኛ ፎርም መሙላት ለማንም አልመኝም።

የክፍያ ደረሰኞቼንና የሁለቱን ዋጋዎች ፎቶ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የሁለት ልጆች እናት፣ ፍራንክፈርት

ግልባጭ፦
ለቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤት ወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ