ከግቢው አጥር የማያልፍ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት

ክቡር አዘጋጅ፦

ስለ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የኦንላይን ትምህርት ባለፈው ሳምንት ባወጣችሁት ዘገባ ውስጥ «ተማሪው ባለበት ሆኖ የዩኒቨርሲቲውን ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ይጠቀማል» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት 11 ዓመት ያገለገልኩ ባለሙያ ነኝና ይህ ስሕተት መሆኑን ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም።

ዩኒቨርሲቲዎች በክፍያ የሚያገኟቸው አብዛኞቹ የጆርናልና የመጽሐፍ ዳታቤዞች አንባቢውን የሚያውቁት በስሙ ሳይሆን በተቋሙ የአይፒ አድራሻ፣ ማለትም የተቋሙ ኔትወርክ በኢንተርኔት ላይ በሚታወቅበት ቁጥር ነው። ተማሪው በግቢው ዋይፋይ ሲገባ ሙሉ ጽሑፉ ይከፈትለታል፤ በዚያው ስልክ ከቤቱ በሞባይል ዳታ ሲሞክር ግን የሚያየው አጭር መግለጫውንና በዶላር የተጻፈውን የመግዣ ዋጋ ነው። ይህ እንዲቀር ዩኒቨርሲቲው ተማሪውን በመለያው አረጋግጦ በራሱ አድራሻ የሚያስገባ የፕሮክሲ ሰርቨር ሊኖረው ይገባል። ዘጋቢያችሁ ግቢ ውስጥ ካለ የኮምፒዩተር ክፍል ተቀምጦ «ባለበት ሆኖ» ብሎ ከመጻፉ በፊት ስልኩን ይዞ ከበሩ ወጣ ቢል እውነቱን በአምስት ደቂቃ ያገኘው ነበር።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የገጽ ለገጽ ትምህርት ሲቋረጥ፣ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የጀመሩ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በግል ስልኬ ይደውሉልኝ ነበር፤ እኔም እየተፈቀደልኝ ግቢ እየገባሁ የጠየቁኝን አንድ በአንድ አውርጄ በቴሌግራም እልክላቸው ነበር። ፕሮክሲው እንዲተከል ከዚያ በፊትም በኋላም በደብዳቤ ጠይቄ ያገኘሁት መልስ «በበጀት አልተያዘም» የሚል ነው። ዛሬም በኦንላይን ተመዝግባ የምትማር አንዲት መምህርት በየሴሚስተሩ ከወረዳ ከተማ በአውቶቡስ እየመጣች የምታነበውን በፍላሽ ይዛ ትመለሳለች። ለእርሷ «ባለሽበት ሆነሽ» ማለት ስድብ ነው።

ከግቢ ውጭ የሚሠራም አለ፤ ዘገባው ግን አላነሣውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ሂናሪ የተባለው የጤና ምርምር ጽሑፎች አገልግሎትና ሪሰርች ፎር ላይፍ በተባለው ጥምረት ሥር ያሉት እኅት አገልግሎቶቹ በተመዘገበው ተቋም የይለፍ ቃል ይከፈታሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የጸደቀው ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲም በመንግሥት ገንዘብ የተሠሩ የዩኒቨርሲቲ የምርምር ጽሑፎች ለሁሉም ክፍት እንዲሆኑ ያዛል። ተማሪው ይህን የማያውቀው ኮርሱ ሲዘጋጅ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ስለማይጠራ ነው፤ ሞጁሉ ላይ የንባብ ዝርዝር ይሰፍራል፣ ጽሑፉ ከየት እንደሚገኝ ግን አይነገርም። በዘገባችሁም መምህሩ፣ የአይሲቲ ኃላፊውና የአስተዳደር ሰዎች ሲናገሩ ከእኛ ሙያ አንድም ሰው አልተጠየቀም።

ዓረፍተ ነገሩ እንዲታረም በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሳይታረም ከቀረ፣ በመጪው የበጀት ውይይት ላይ የፕሮክሲውን ጥያቄ እንደገና ሳቀርብ ኃላፊዎቹ ጋዜጣችሁን አውጥተው «አገልግሎቱ እኮ አለ» ይሉኛል።