ለልጄ፦ ስለ ኬሚስትሪና ስለ አገር ሀብት

ውድ ልጄ፣

ባለፈው ደብዳቤሽ ኬሚስትሪ ብትማሪ ከማስተማር በቀር ምን ሥራ እንደምታገኚ፣ አገርም ከዚህ ሙያ ምን እንደምትጠቀም ጠይቀሽኛል። ጥያቄሽ ከደመወዝ ጉዳይ ያለፈ ስለሆነ መልሱን ሳሰላስል ሰነበትሁ።

የኬሚካል ኢንዱስትሪ ከሚያመርተው ውስጥ በቀጥታ ሸማቹ እጅ የሚገባው ጥቂቱ ነው፤ የሚበዛውን የሚገዛው ሌላ ፋብሪካ ነው። ሰልፈሪክ አሲድን ተመልከቺ። ቤቱ የሚያስቀምጠው ሰው የለም፤ ነገር ግን የፎስፌት ድንጋይ በአብዛኛው ማዳበሪያ የሚሆነው በእርሱ ነው፣ የተለመደው የመኪና ባትሪም ያለ እርሱ አይሠራም። የአሲዱ ፋብሪካ ሥራ ቢያቆም የማዳበሪያው ፋብሪካ ይቸገራል፣ ችግሩም ውሎ አድሮ እርሻው ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ዘርፉን በራሱ ሽያጭ ብቻ የሚመዝን ሰው እጅግ አሳንሶ መዝኖታል ብዬ አምናለሁ።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ የቀለም ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1856 ለንደን ውስጥ የ18 ዓመቱ ዊልያም ፐርኪን የወባ መድኃኒት የሆነውን ኩዊኒን በቤተ ሙከራ ለመሥራት ሲሞክር ያገኘው ጥቁር ዝቃጭ ነበር። ዝቃጩን በአልኮል ሲያሟሟው ግን ፈሳሹ ሐምራዊ ሆነ፤ ሐር ቢነከርበት ቀለሙን ያዘ፣ ቢታጠብም አለቀቀም። የቀለሙ መነሻ የሆነው አኒሊን የሚገኘው ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን ሲሆን፣ ቅጥራኑ ደግሞ የጋዝ ፋብሪካዎች ተረፈ ምርት ነበር። ግኝቱ በእንግሊዝ ቢወለድም ሀብቱ በአመዛኙ የገባው ለጀርመን ነው፤ የጀርመን ኩባንያዎች ኬሚስቶችን በብዛት ቀጥረውና ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር ተሳስረው ምርምርን የዕለት ተዕለት ሥራቸው አደረጉት። ባስፍ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ቀድሞ ከተክል ይወጣ የነበረውን ሰማያዊ ቀለም፣ ኢንዲጎን፣ በ1897 በሰው ሠራሽ መንገድ አምርቶ ለገበያ ሲያቀርብ የሕንድ የኢንዲጎ እርሻ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተዳከመ። በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲጀመርም ብሪታንያ፣ የፐርኪን አገር፣ የጀርመን ቀለም ስለተቋረጠባት የቀለም እጥረት ገጠማት።

የናይትሮጅን ማዳበሪያ መሠረት የሆነው የአሞኒያ ታሪክም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪትዝ ሃበር በ1909 ከአየር ናይትሮጅንና ከሃይድሮጅን አሞኒያ መሥራት እንደሚቻል በጠረጴዛ ላይ በሚቀመጥ መሣሪያ አሳየ፤ አሞኒያው የወጣው ጠብታ በጠብታ ነበር። ይህን ወደ ፋብሪካ የማሸጋገሩ ሥራ የባስፍ ባለሙያ የነበረው የካርል ቦሽ ድርሻ ሆነ። ሥራው በሚጠይቀው ከፍተኛ ግፊትና ሙቀት ሃይድሮጅኑ ወደ ብረቱ ሰርጎ ካርቦኑን እየበላ፣ ወፍራሙ የብረት ቱቦ ይሰነጠቅ ነበር። ቦሽ ካርቦኑ አነስተኛ የሆነ ለስላሳ ብረት በውስጥ በኩል ገጠመ፣ ሰርጎ ያለፈው ጋዝ እንዲወጣም የውጩን ብረት በትናንሽ ቀዳዳዎች በሳው፤ በጀርመን ኦፓው የተሠራው ፋብሪካም በ1913 ማምረት ጀመረ። ዛሬ ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ የሚመገበው በዚህ መንገድ በተሠራ ናይትሮጅን የበቀለ እህል እንደሆነ ይገመታል። እዚያው ኦፓው በ1921 የማዳበሪያ ክምችት ፈንድቶ ከ500 በላይ ሰዎች መሞታቸውን ግን አትርሺ፤ የደኅንነት ባለሙያ ያላሰለጠነች አገር ይህን ኢንዱስትሪ ባትጀምረው ይሻላታል።

እንግዲህ ሥራው የት እንዳለ ይታይሻል ብዬ አስባለሁ፦ በጠብታውና በፋብሪካው መካከል ነው። ጥሬ ዕቃ ሲገባ ጥራቱን የሚመረምር፣ የምርቱን ሂደት የሚከታተል፣ ተረፈ ምርቱ ለምን እንደሚውል የሚያጠና፣ አደጋን አስቀድሞ የሚያሰላ ሰው ያስፈልጋል። ጥሬ ማዕድኗን ሸጣ ከዚያው ማዕድን የተሠራውን በውድ የምትገዛ አገር የሚጎድላት በአብዛኛው ይህ ሰው ነው፤ ማሽኑን በብድር ማስመጣት ይቻላል፣ ቱቦው ለምን እንደተሰነጠቀ የሚረዳውን ባለሙያ ለማፍራት ግን ዓመታት ይወስዳል።

ምዝገባው ሳያልፍ ትምህርት ክፍሉ ተማሪዎቹን ለተግባር ልምምድ ፋብሪካ ይልክ እንደሆነ፣ የሚልክ ከሆነም ለስንት ወር እንደሆነ ጠይቀሽ ጻፊልኝ።

አባትሽ