ካላዛርን በፐብሜድ ስትፈልጉ

ውድ አባላት፣

ለጥናት ግምገማው በፐብሜድ፣ ማለትም በሕክምና ጥናታዊ ጽሑፎች የኢንተርኔት መረጃ ቋት፣ ፍለጋ ከመጀመራችሁ በፊት ይህን አንብቡልን።

ካላዛር የተባለውን የተውሳክ በሽታ በአንድ ስም ብቻ አትፈልጉ። አንዱ ጸሐፊ "ካላዛር"፣ ሌላው "ቪሰራል ሌሽማንያሲስ" ይላል፤ የተውሳኩን ስም፣ "ሌሽማንያ ዶኖቫኒ"ን፣ ብቻ የሚጽፍም አለ። ሦስቱን በ"ኦር" (OR፣ "ወይም") አገናኙና በቅንፍ ዝጉ። ቅንፉን አደራ እንላለን፤ ፐብሜድ ትእዛዙን የሚፈጽመው ከግራ ወደ ቀኝ ነው። ያለ ቅንፍ "ካላዛር አንድ (AND፣ "እና") ሁመራ ኦር መተማ" ብትጽፉ፣ መተማን የጠቀሰ የወባ ጽሑፍ ሁሉ አብሮ ይግተለተላል። "ሁመራ ኦር መተማ" የሚለው ለብቻው ቅንፍ ውስጥ ይግባ። "አንድ" እና "ኦር" በእንግሊዝኛ ትልልቅ ፊደላት ይጻፉ።

የቦታ ስምም ያሳስታል። ጎንደር በእንግሊዝኛ ከመጨረሻው "አር" በፊት በ"ኤ"ም በ"ኢ"ም ይጻፋል፤ ሁለቱንም አስገቡ።

በሜሽ (MeSH) ቃላት፣ ማለትም ለጽሑፎች በሚለጠፉ መደበኛ የርዕሰ ጉዳይ ቃላት፣ ብቻ የፈለገ ሰው አዳዲሶቹን ያጣል፤ ገና ሜሽ አልተለጠፈባቸውምና። ስለዚህ ያንኑ ቃል በርዕስና በአብስትራክት (በጽሑፉ አጭር ማጠቃለያ) መስክም ድገሙት። ሐረግን በትእምርተ ጥቅስ ስትከብቡ ደግሞ ፐብሜድ ተመሳሳይ ቃላትን በራሱ መጨመሩን ያቆማል። ጥቅሱ የሚጠቅመው አማራጮቹን እናንተው ከዘረዘራችሁ ነው።

ውጤቱ ድንገት ካነሰ በግራ በኩል ያሉትን ማጣሪያዎች እዩ፤ የቀድሞ ምርጫችሁ ሳይነሳ ይቆያል።

ስትጨርሱ ሙሉውን የፍለጋ ሐረግ፣ ቀኑንና የውጤቱን ብዛት ላኩልን። ሐረጉን ከ"አድቫንስድ" ገጽ ላይ ገልብጡት እንጂ ከትውስታ አትጻፉት።