የአውቶ ክበብ ዓመት፦ ከሞተሩ በፊት ፍሬኑ

ዘንድሮ የአውቶ ክበባችን አንድ ሥራ ብቻ ነው የሠራው። አንድ መኪና። የ11ኛ ክፍል ተማሪያችን ከአያቱ የወረሳት አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ ፒካፕ። አያትየው በደህናው ጊዜ ከመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም እየጫኑ አዲስ አበባ አትክልት ተራ ያራግፉባት ነበር። እሳቸው ካረፉ በኋላ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማ ቀረች። ልጆቻቸው "ለልጅ ልጁ ትሁን" ብለው ተስማሙና በክሬን ተጭና ትምህርት ቤት መጣች። ኮፈኑን ስንከፍት ዶሮ ባትሪው ቦታ ላይ ጎጆ ሠርታ ኖሯል።

ስለ መኪናዋ ትንሽ ልበል። ሃይሉክስ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ሲሆን፣ ቶዮታ የሚል ስም ይለጠፍበት እንጂ የተገጣጠመው ጃፓን ሃሙራ ባለው ሂኖ የተባለ የሌላ መኪና አምራች ፋብሪካ ነው። የእኛዋ ሁለተኛው ትውልድ ናት፤ ከ1972 እስከ 1978 ከተመረቱት። ሞተሯ 12 አር የሚባለው ባለ አራት ሲሊንደር፣ 1,587 ሲሲ፣ ቤንዚን። ፎር ዊል አይደለችም። ኮምፒውተር የለ፣ ሴንሰር የለ፤ ኮፈኗን ከፍተህ ወደ ታች ብታይ መሬቱ ይታይሃል። ለማስተማሪያ ከዚህ የተሻለ መኪና እኔ አላውቅም።

ጭቅጭቁ የጀመረው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ልጆቹ ቀለም ነው የፈለጉት። ገና ሞተሩ ሳይነካ ስልካቸው ላይ ጥቁር ማት (የማያብረቀርቅ ጥቁር) የተቀቡ ሃይሉክሶች እያሳዩኝ "ቲቸር፣ እንደዚህ እናድርጋት" ይሉኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ በነፃ የሚያግዙን ጡረታ የወጡ መካኒክ አሉ፤ ልጆቹ ጋሼ ነው የሚሏቸው። ጋሼ ፎቶውን አይተው መለሱላቸውና "መጀመሪያ መቆም ትማር" አሉ። በዚያው ክሪክ አስመጡና ጎማ ማስፈታት ጀመሩ።

አራቱም እግሯ የታምቡር ፍሬን ነው፤ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ክብ ብረት፣ ታምቡሩን፣ ሸራ የሚባለው ከውስጥ ተጭኖ ያቆመዋል። ሁለቱ ታምቡሮች በመዶሻ ካልሆነ አልወልቅ አሉ። ውስጡ ጉድ ነው! የፍሬን ሸራው አልቆ ብረት ለብረት ደርሷል፣ ዘይት እንዳያፈስ የሚይዙት ጎሚኒዎች ደርቀው ተሰነጣጥቀዋል፣ ዘይቱ የቡና አተላ መስሏል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ሳይቀየር ብዙ ከቆየ ሲሊንደሩን ከውስጥ ያዝገዋል። ይህን በኬሚስትሪ ክፍል ብነግራቸው ግማሹ ያንቀላፋ ነበር። ዝገቱን በጣታቸው ሲነኩት ግን ጥያቄው በዛ።

መለዋወጫ ፍለጋው ያው ሶማሌ ተራ ነው። ጋሼ አሮጌውን ዕቃ በፌስታል ጠቅልለው ያስይዟቸዋል፣ ምክንያቱም ስሙን ብቻ ይዘህ ከሄድክ የሚመስለውን ሸጠውልህ ትመለሳለህ። ዩኒፎርም ለብሰው ሲሄዱ ዋጋ ይቀንስላቸዋል፤ ይህን ሚስጥር የደረሰችበት ገንዘብ ያዣችን ናት።

ከፍሬኑ አየር ያስወጣንበት ቀን የዓመቱ ምርጥ ቀን ነበር ለኔ። ከሁሉም የምታንሰው የ9ኛ ክፍል ተማሪ መኪናው ሥር ገብታ ተኝታለች፣ አንዱ ጋቢና ፍሬኑ ላይ ነው። እሷ "ርገጥ!" ትላለች፣ ቡሎኗን ላላ ታደርጋለች፣ ዘይቱ አረፋ እያደረገ ቱቦው ውስጥ ይወርዳል፣ ታጠብቃለች፣ "ልቀቅ!" ትላለች። ከራቀው የኋላ እግር ተጀምሮ እስከ ሹፌሩ ጎማ ድረስ። አየሩ አልቆ ፔዳሉ ድንጋይ ሲሆን ጋቢና ያለው ልጅ በደስታ ጮኸ።

ሞተሩ ቀለል ይላል ብዬ ነበር፣ አልሆነም። እየተከፈተና እየተዘጋ እሳት የሚያስነሳው ፑንቲና ዝጎ ስለነበር እሳት የለም። በስስ ብርጭቆ ወረቀት ጠርገው ክፍተቱን ሲያስተካክሉ ቤንዚኑን የሚለኩሰው ካንዴላ ላይ ሰማያዊ እሳት መጣ። ከዚያ የካንዴላ ገመዶቹን 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብለው በተራ ሰኩ። የዚህ ሞተር ሲሊንደሮች እሳት የሚያገኙበት ተራ ግን 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው። ሞተሪኖው (ማስነሻው) ሲዞር ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ቡም! አለ፣ የግቢው ጥበቃ እየሮጠ መጣ፣ ዳይሬክተራችንም ተከተሉ። ጋሼ ሳቃቸውን መቆጣጠር አልቻሉም። ያቺን ተራ አሁን በእንቅልፋቸው ብትጠይቋቸው ይነግሯችኋል።

ተነሳች። ግን ጭሷ ጥቁር ነው፣ ሚኒሞም አትይዝም (ነዳጅ ካልተረገጠ ትጠፋለች)። ካንዴላውን ፈትተን ብናየው ጥላሸት ለብሷል። እዚህ ጋ ፊዚክስ ገባ፦ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ፣ 2,400 ሜትር አካባቢ፣ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለል በሩብ ያህል ያንሳል። ካርቡሬተር ደግሞ ይህን አያውቅም፣ ቤንዚኑን እንደ ልማዱ ይለቃል፣ አየሩ ግን ቀጭን ነው። መቂ ከአዲስ አበባ ብዙ ዝቅ ስለሚል አያትየው እዚያ ያስተካከሉት የቤንዚን መጠን እዚህ ሲመጣ ለአየሩ በዛ። ካርቡሬተሩን ፈትተን የደረቀውን የቤንዚን ሙጫ አጠብን፣ ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀዳዳ በጠበበች ቀየርን። ጭሱ ጠፋ።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ማገዱን ያነሳ ተማሪ ነበር፦ "ታዲያ ይህን ለምን እንማራለን?" አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የኤሌክትሪኩም መኪና ፍሬን፣ መሪና ጎማ አለው አልኩት፤ አገሩን የሞላው የነዳጅ መኪናም ነገ አይጠፋም። ሙሉ በሙሉ ያመነኝ አይመስለኝም።

የቀለሙ ጉዳይ በመጨረሻ የተፈታው መኪናዋን በወረሰው ልጅ ሴት አያት ነው። ሊያዩ መጥተው ዞር ዞር አሉና "የሱ መኪና ሰማያዊ ነበረች" አሉ። መኪናዋ ነጭ ናት፤ ማንም አላመነም። የበሩን ሽፋን ከውስጥ ስንፈታው ግን ፀሐይ ያላየው ሰማያዊ ቀለም እንዳለ ተቀምጧል። ቀለም ቤቱ ከዚያ ላይ አይቶ ቀመመልን። ጥቁር ማት ባዩ ልጅ ስቱኮውን ፍቆ ያለሰለሰው ራሱ ነው።

የቀረው ብዙ ነው። ሊብሬው አሁንም በአያትየው ስም ስለሆነ ቤተሰቡ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አውጥቶ ስም ማዛወር አለበት፣ ከዚያ ምርመራ፣ ከዚያ ቦሎ። እስከዚያ ከግቢ አትወጣም፤ ይህን ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ። የቤንዚን ጌጁም አይሠራም። የቀኝ በር መስታወት ማንሻ ደግሞ ሶማሌ ተራም አላገኘንም፤ የዚያ ዘመን ሃይሉክስ የቆመበት ቤት የምታውቁ ወላጆች ካላችሁ ያገለገለም ቢሆን እንገዛለን።