ግልጽ ደብዳቤ፦ ከስልኬ ያነሰው የእህቴ ክንድ

ለፍትሕ መሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣

ባለቤቷ የደበደባት እህቴን ቃል ፖሊስ ባለመቀበሉ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በአካል ቀርቤ አመልክቼ «እናየዋለን» ከመባል ያለፈ መልስ ስላላገኘሁ፣ አቤቱታዬን ሰው ሁሉ በሚያነበው መንገድ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ባለፈው ዓመት ስልኬ ከቦርሳዬ ተሰርቆ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። መርማሪው ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፤ ቃሌን ተቀበለ፤ የስልኩን መለያ ቁጥር ከካርቶኑ ላይ አንድ በአንድ እየጠራ ገለበጠ። ተጠርጣሪው በተያዘ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ፖሊስም ለምርመራ የ14 ቀን ጊዜ ጠየቀበት። ሥራቸውን ሠርተዋልና በዚህ ቅሬታ የለኝም።

ከሁለት ወር በኋላ ወደዚያው ጣቢያ እህቴን ይዤ ገባሁ። ባለቤቷ በዱላ መትቶ ግራ ክንዷን ሁለት ቦታ ሰብሮታል። ክንዷ በጀሶ ታስሮ ከአንገቷ ተንጠልጥሏል፤ የሕክምና ማስረጃዋ በእጄ ነው። ያው መርማሪ ማስረጃውን ሳይገልጠው ጠረጴዛው ላይ አኖረና «ምን ብትናገሪው ነው?» አላት። ቀጥሎም የቤተሰብ ጉዳይ ስለሆነ በሽማግሌ እንድንጨርሰው መከረን። እህቴ አልመለሰችለትም፤ በደህናው እጇ ሻርፗን ወደ ፊቷ ሳበች።

ክቡር ኃላፊ፣ ሕጉን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 665 ስርቆትን በቀላል እስራት ወይም እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ሲቀጣ፣ በአንቀጽ 555 ግን ከባድ የአካል ጉዳት እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ሊያስከትል ይችላል፤ አንቀጽ 564 ደግሞ ጉዳቱን ያደረሰው የትዳር ጓደኛ ሲሆንም በአካል ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎችን የሚመለከቱት ድንጋጌዎች ተፈጻሚ እንደሚሆኑ ይደነግጋል። ሕግ አውጪው የሰውን አካል ከንብረት አስበልጧል፤ ያ ቅደም ተከተል የተገለበጠው ጣቢያው ውስጥ ነው። ከባድ የአካል ጉዳት በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ወንጀል ስላልሆነ፣ እህቴ ራሷ ይቅር ብትለው እንኳ ጉዳዩ በዚያ የሚዘጋ አልነበረም። መርማሪው ቃሏን ቢጠራጠር እንኳ፣ የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 22 ፖሊስ የቀረበለትን አቤቱታ ቢጠራጠርም ምርመራውን እንዲያካሂድ ያዘዋል። ታዲያ ሽማግሌው ከየት መጣ? ስልኬን ከሰረቀው ልጅ ጋር ታረቅ ያለኝ ማንም አልነበረም።

ያ ልጅ የት እንደማድር አያውቅም። የእህቴን ክንድ የሰበረው ሰው ግን የመኝታ ቤቷ ቁልፍ በኪሱ ነው፤ «ታረቁ» ብሎ መሸኘት ማለት ወደ እሱ መልሶ መላክ ማለት እንደሆነ ለእርስዎ ማስረዳት የሚኖርብኝ አይመስለኝም።

የእህቴ ቃል ይወሰድ፤ መዝገቡ ይከፈት፤ አይከፈትም ከተባለም ምክንያቱ በጽሑፍ፣ በፈራሚው ስምና ፊርማ ይሰጠን። ጀሶው ከተፈታ ሦስተኛ ወሩ ነው። እህቴ እስካሁን የምታድረው እኔ ቤት ነው፤ ቃሏን የተቀበላት ግን የለም።