ለእናቴ፣ ከጀርመን

ይድረስ ለውድ እናቴ። ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትንሿ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው እያፏጨች ታወራለች፤ ትልቁም በቁመት ሊደርስብኝ ነው። ስለ እነርሱ ብቻ ጽፌ ብጨርስ በቀለለኝ ነበር።

የመኖሪያ ፈቃድ ካርዴ ትናንት እጄ ገባች። የባንክ ካርድ ታክላለች፤ ቺፗ ውስጥ ፎቶግራፌና የሁለት ጣቶቼ አሻራ አለ። አሻራ በሰጠሁ ዕለት መሣሪያው ጠቋሚ ጣቴን ሦስት ጊዜ አልቀበልም ብሎ ሠራተኛዋ በሶፍት አስጠርጋ እንደገና አስጫነችኝ። ከዚያ በኋላ በርሊን ታትማ እስክትመጣ ድረስ ስድስት ሳምንት ጠብቄአለሁ።

ዓምና አባባ ያረፈ ጊዜ «ወረቀት ከአባትህ በለጠብህ ወይ?» ብለሽኝ ዝም ያልኩት መልስ አጥቼ አልነበረም። ያኔ የነበረኝ የእኛ ፓስፖርት የሚያገለግለው አምስት ዓመት ነበር፤ ካርዱም እንደ ደንቡ ከፓስፖርቱ ዘመን አያልፍምና ሁለቱ አብረው አበቁ። አዲሱን ፓስፖርት ይዤ በጊዜው ባመለክትም ወራት ሙሉ ቀጠሮ ስላላገኘሁ፣ በእጄ የነበረው ማመልከቻህ ደርሶናል የሚል ኢሜይል ብቻ ነበር፤ እሱን ይዤ ብመጣ ከቦሌ መልሶ የሚያሳፍረኝ አልነበረም፤ የልጆቹም ፈቃድ በእኔ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

አዲሱ ካርድ እስኪደርስ የሚያገለግለው ጊዜያዊ ማረጋገጫ የተሰጠኝ የአባባ አርባ ከወጣ በኋላ ነው። ወረቀቱ ላይ ሦስት ትንንሽ ሳጥኖች አሉ፤ ምልክቱ ሦስተኛው ላይ ከሆነ የቀድሞው ፈቃድ እንደጸና ይቆጠራል፣ ወጥቶ መመለስም ይቻላል። የእኔ ሦስተኛው ላይ ነበር። እንግዲህ እማዬ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ መምጣት እችል ነበር፤ አልመጣሁም። ያን ቃል የተናገርሽኝ የስልኩን ድምፅ ከፍተሽ፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ ስለነበረ፣ በእነዚያ ሰዎች መካከል በየትኛው ፊቴ እንደምገባ አላውቅም ነበር። አንቺም ሐዘን ላይ እንደነበርሽ አልጠፋኝም፤ ነገር ግን እስካሁን አልወጣልኝም።

ለገና እመጣለሁ። የዓይንሽን ሞራ ለማስገፈፍ እኔን አትጠብቂ፤ ሐኪሙ በቀጠረሽ ቀን ሂጂ። የግፊት ኪኒንሽንም ተሻለኝ ብለሽ እንዳታቋርጪ።

እህቴ እንደነገረችኝ የጓሮውን ክፍል ለእኔ ብለሽ ልታሳድሽው ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው ቢሮ ረዘም ያለ ጊዜ ካልፈቀደልኝ በቀር ከዚህ አገር ስድስት ወር ከራቅሁ ፈቃዱ በራሱ ይሞታል፤ ስለዚህ ጠቅልዬ አልመጣም፤ የምቆየው አራት ሳምንት ነው። ይህንን በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ወደ ልጆቹ ወሬ ዞሬአለሁ። ቆርቆሮውን አታስለውጪ፤ ገንዘቡ ለዓይንሽ ይሁን፤ እኔ ሳሎን መደቡ ላይ እተኛለሁ።

ልጅሽ